መግል ያጣው ቁስል

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ መጀመሪያ ያስተማረኝ ነገር እሱን ራሱን እንዳላምነው ነው።

አቶ ተካልኝ ይባላል። አባቱ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ እሱም ከአባቱ የወረሳት ጥቂት ፈረንሳይኛ ስለነበረችው ሆስፒታሉ በሙሉ «ሙሴ ተካልኝ» ነበር የሚለው። ሆስፒታላችን ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ትልልቆቹ ዛፎች መንገዱን በሚያለብሱበት በኩል ነው። እሱ የላብራቶሪው ኃላፊ፣ እኔ ከትምህርት ቤት የወጣሁ ቴክኒሺያን። የጋዋኔ እጥፋት እንኳን ገና አልለቀቀም ነበር።

«ሰናይት፣» አለኝ፣ «ማሽኑን እንዳታምኚ። ቱቦው ላይ የተጻፈውን ስም እንዳታምኚ። ሐኪሙ የላከውን ግምት እንዳታምኚ። እኔንም እንዳታምኚኝ። ስላይዱን እዪ።»

ምክሩ አልከበደኝም። እኔ ድሮም ተጠራጣሪ ነኝ። በልጅነቴ ስኳር ልገዛ ስላክ «መጀመሪያ ሚዛኑን ባዶውን አሳየኝ» እያልኩ ባለሱቁን ስለማስቸግር፣ እናቴ በሱቁ ደጃፍ ማለፍ ታፍር ነበር።

ሙሴ ተካልኝ ጣቱን ወጋና አንድ ጠብታ ደም ስላይድ በምንለው የመስታወት ቁራጭ ላይ አኖረ። በስንጥር ጥርሱን ፋቅ አድርጎ የወጣውን ነጭ ነገር የደሙን ጫፍ አስነካው። ስስ መስታወት ደረበበትና ማይክሮስኮፑ ላይ ሰካው። «ብርድ አገር ቢሆን ይህን የሚያሞቅ ዕቃ ይፈለግ ነበር፤ ድሬ ግን አየሩ ይበቃል» አለኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ቀይ ሴሎቹ ተኝተዋል። መካከላቸው አንድ ግራጫ ነገር ይንቀሳቀሳል። መጀመሪያ ዓይኔን ጠረጠርኩ። ቀጥሎ የጣራውን ማራገቢያ፤ ጠረጴዛውን የሚያንቀጠቅጠው እሱ ነው ብዬ ተነሥቼ አጠፋሁት። ሙሴ ተካልኝ ከት ብሎ ሳቀ። ማራገቢያው ቆመ፣ ሴሉ ግን አልቆመም። ፊቱን ይዘረጋል፣ ኋላውን ይጎትታል። የሚሄደው ከጥርስ ወደ ወጡት ባክቴሪያዎች ነው። እነሱ ትንሽ ፈቀቅ ሲሉ እሱም አቅጣጫውን አዞረ።

«ዓይን የለው፣ ጆሮ የለው። ወዴት እንደሚሄድ እንዴት አወቀ?» አልኩት።

ቁራጭ ወረቀት ላይ «በሽታ» ብሎ ጻፈ። «አንብቢው።»

«በሽታ» አልኩ፣ ሽ ላይ አጥብቄ።

«አሁን ደግሞ ታ ላይ አጥብቂ።»

በ ሽታ። ሳቄ መጣ። እሱ ግን ቁም ነገሩ ነበር።

«ሲጻፍ አንድ ነው፤ ሰውነትም ውስጥ አንድ ነው» አለ። «የቆሰለው ቦታ ኬሚካል ይለቃል። ባክቴሪያውም የራሱን ይለቃል። ነጭ ሴሉ ቆዳው ላይ መቀበያ አለው፤ በየት በኩል እንደሚበረታ እየለየ ወደዚያ ይሄዳል። እዚያ የደረሰው ደግሞ ሌሎቹን የሚጠራ ኬሚካል ይጨምራል። ግን መጀመሪያ ከደም ሥር መውረድ አለበት። ደሙን ባቡር አድርጊው፣ ነጭ ሴሎቹን ተሳፋሪ፣ ቁስሉን ፌርማታ። ቁስሉ አጠገብ ያለው የደም ሥር ግድግዳ ጥሪው ሲደርሰው ሙጫ ይሆናል። ሴሉ እየተንከባለለ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ይይዛል፣ ይቆማል፣ በግድግዳው ስንጥቅ ሾልኮ ይወርዳል። ማሽኑ የሚቆጥርልሽ ባቡሩ ላይ ያሉትን ብቻ ነው። የወረደውን አያውቅም።»

በዚያ ቀን ይህ ሁሉ ተሳፋሪና ፌርማታ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ጨዋታ መሰለኝ። ጥቅሙን ያየሁት ሙሴ ተካልኝ ጡረታ ወጥቶ፣ እኔ በወንበሩ ተቀምጬ፣ ሐናን የምትባል ልጅ የመጣች ጊዜ ነው።

ሐናን የመልካ ጀብዱ ልጅ ናት፤ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ትሠራለች። እናቷ ስለሞተች ያሳደገቻት የአባቷ እህት ፋጡማ ናት። ሐናን «አዳዳ» ነው የምትላት፤ በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው። ሠርጓ ደርሷል። ግቢ ውስጥ ቆርቆሮ ተረከዟን ቆርጧት ቁስሉ አልድን ብሎ ነበር የመጡት። ሁለት ዓይነት አንቲባዮቲክ ተሰጥቷት ሁለቱም አልጠቀማትም።

ደሟ ማሽን ውስጥ ሲገባ የነጭ ሴሉ ቁጥር ከጤነኛው ከእጥፍ በላይ ወጣ።

እኔ መጀመሪያ የጠረጠርኩት ያሲንን ነው። ያሲን ደም የሚቀዳልን ባልደረባችን ነው፤ እጁ የተባረከ ነው፣ ሰው መወጋቱን ሳያውቅ ይጨርሳል። ግን ስልክ እያወራ ቱቦ ላይ ስም ይጽፋል።

«ያሲን፣ ይሄ የእሷ ደም ነው?»

«አቦ እትዬ ሰናይት! ሁሌ ከእኔ ነው እንዴ የሚጀመረው?»

«ከአንተ ነዋ የሚጀመረው፤ ቱቦውን የነካኸው አንተ ነህ።»

«ሃዬ፣ እሺ! ነይና ቆመሽ እዪኛ!»

ቆሜ አየሁት። ስልኩን ኪሱ ከቶ፣ ስሟን ከአፏ ጠይቆ፣ ሐምራዊ ክዳን ያለውን ቱቦ ሞላ፣ ፊት ለፊቴ ጻፈበት። ቁጥሩ ያው ሆነ። ያሲን ቅንድቡን ከፍ አደረገ።

ቀጥሎ ማሽኑን ጠረጠርኩ። የራሴን ደም አስገባሁ። የእኔ ልክ ነው። እንግዲህ ወደ ስላይዱ።

በቀለም ነክሬ፣ አድርቄ፣ ዘይት ጠብ አድርጌ አየሁት። ኒውትሮፊል የሚባለው፣ ባክቴሪያ የሚበላው ነጭ ሴል፣ ሞልቷል። ከባድ ኢንፌክሽን ሲኖር መቅኒው ስለሚጣደፍ ያልደረሱ ሴሎችም ተቀላቅለው ይወጣሉ። እዚህ ግን ሁሉም የደረሱ ናቸው። የተጣደፉ አይመስሉም። የደም ካንሰርም አይመስሉም። ደግሞ ኢኦሲኖፊል የሚባለው፣ ብርቱካንማ ፍሬ ያለው ሴል፣ ብፈልግ ብፈልግ አንድ አጣሁ። ይህን ሴል የሚያበዛው የሆድ ትል በሞላበት አካባቢ ስንት ዓመት ደም ሳይ ኖሬ ያንን ሴል ጨርሶ ያጣሁበት ስላይድ ጥቂት ነው። የጎደለ ነገር ከተረፈ ነገር የበለጠ ያስጠረጥረኛል።

ወጥቼ ልጅቷን አየኋት። ፊቷ ክብ ብሏል፣ ጉንጯ ሞልቷል፣ ትኩሳት የላትም። ፋሻውን ገለጥኩ። ቁስሉ ጥልቅ ነው፤ ግን ዙሪያው አልቀላም፣ አላበጠም፣ መግል የለውም። ከቆዳው ሥር የተቆረጠ ሥጋ እንጂ የታመመ እግር አይመስልም።

«ያምሻል?»

«ብዙም» አለች ሐናን።

በዚያ ሙቀት፣ በዚያ አቧራ፣ እንዲህ ጸጥ ያለ ቁስል አላምንም።

ፋጡማ እኔን አላመነችኝም። «ይሄ ሁሉ ደም የት ነው የሚሄደው?» አለችኝ፣ ያሲን የያዘውን ቱቦ እያየች። «ቀዳችሁ፣ ደገማችሁ። ኢንተላ ኮ የሠርጓን ደም ጨረሳችሁባት እኮ!» ልጄን ማለቷ ነው። ስትቆጣ ኦሮምኛው ይቀድማታል።

«ማንኪያ አይሞላም እህቴ» አልኳት።

«ማንኪያም ቢሆን የሷ ነው።»

እውነቷን ነው። በልቤ ወደድኳት። እኔም ብሆን እንደዚያ ነው የምለው።

ስላይዱን ይዤ ወደ ዶክተር ናሆም ወጣሁ። ወጣት ነው፣ ረጋ ያለ፣ የጠየቀውን ጥያቄ መልሱን ሳይሰማ የማይነሣ ዓይነት ሐኪም። የደም ካንሰር ሊሆን ስለሚችል መቅኒዋ እንዲመረመር ወደ አዲስ አበባ ሊልካት እያሰበ ነበር። ወሬው ከእሱ ክፍል ቀድሞ ኮሪደር ወርዷል፤ ኮሪደር ከወረደ ደግሞ መልካ ጀብዱ መድረሱ አይቀርም። ሙሽራ ላይ «የደም ካንሰር» የሚል ወሬ ምን እንደሚያመጣ ለድሬ ሰው አይነገርም።

«ዶክተር፣ ይሄ ካንሰር አልመሰለኝም» አልኩት። ያየሁትን ነገርኩት።

ራሱ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሶ ቆየ። «ስቴሮይድ የሚወስድ ሰው ደም እንዲህ ነው» አለ፤ እብጠትና ሕመም የሚያበርደውን ብርቱ መድኃኒት ማለቱ ነው። «የመጀመሪያውም ቀን ያሰብኩት እሱን ነበር፣ እትዬ ሰናይት። ሁለቴ ጠየቅኋት። አክስቷንም ጠየቅኋት። ከእኛ አንቲባዮቲክ በቀር መድኃኒት የሚባል ነገር አልነካችም ብለው ማሉ።»

«ዋሽተዋላ።»

«ሊሆን ይችላል። ግን ለምን ይዋሻሉ?»

ለመጠርጠር ምክንያት ጠይቄ አላውቅም።

«ከመሄዷ በፊት ከቁስሉ ውስጥ ናሙና ይውሰዱልኝ» አለ። «እግሯን ራጅ አስነሣታለሁ። ጸጥታው እኔንም ደስ አላለኝም።»

ናሙናውን ራሴ ወሰድኩ፤ ጥጡን እስከ ቁስሉ ወለል ድረስ አስገባሁት። ስላይዱን ቀለም ነክሬ ሳይ ባክቴሪያው እንደ ወይን ዘለላ ተንጠልጥሏል፣ በየቦታው። ነጭ ሴል? እዚህ አንድ፣ ወዲያ አንድ። አበቃ።

እጄ ማስተካከያው ላይ ቀረ። ደሟ ውስጥ መቆሚያ እስኪጠፋ ሞልተዋል፤ ቁስሏ ውስጥ የሉም። ባቡሩ ጢም ብሏል፣ ፌርማታው ላይ የሚወርድ የለም። ሙሴ ተካልኝ በዚያ ቁራጭ ወረቀት የነገረኝ ይኸው ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። ከመገረም በላይ ፈራሁ። ባክቴሪያው ያለ ከልካይ እየበላት ነው፣ እሷም አያማትም።

ራጁም መጣ። ቁስሉ ወደ አጥንቱ ተጠግቷል። ዶክተር ናሆም ሲያየው ከንፈሩን ነከሰ። «አዲስ አበባ ሄዳ ወረፋ ስትጠብቅ ብትቆይ ይሄን እግር እናጣው ነበር» አለ።

ቁስሉ በቀዶ ሕክምና እንዲጸዳ ተወሰነ፤ ምክንያቱን ካላገኘን ግን ቢጸዳም አይድንም። ከተወለደች ጀምሮ ነጭ ሴሎቿ መውረድ የማይችሉ ቢሆኑ ኖሮ ከሕፃንነቷ ስትታመም ትኖር ነበር፤ እሷ ግን እስከዚያ ዓመት ጤነኛ ነበረች። የቀረው ስቴሮይድ ነው። እነሱ ደግሞ ምለዋል።

ለቀዶ ሕክምናው ደም መቀዳት ስላለባት ሐናንን እንደገና እኔ ዘንድ አመጧት። ያሲን ሲጨርስ ራሷን አዞራት። አጋድመናት እግሯን ከፍ አደረግን። ፋጡማ ተንደርድራ መጣች፤ ቦርሳዋን ከፈተች፣ በትንሽ ጠርሙስ የያዘችውን ወተት አወጣች፣ ከሻሽዋ ጫፍ ቋጠሮ ፈታች። ከቋጠሮው ትንሽዬ ነጭ ኪኒን ወጣ። ሳትደብቅ፣ ሳትጣደፍ፣ የልጅቷን ራስ ደገፍ አድርጋ አፏ ውስጥ ልታኖረው ስትል እጇን ያዝኩት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቪታሚኗ ነዋ!»

«መድኃኒት አትወስድም ብለሽ አልማልሽም እንዴ?»

ፋጡማ ግራ በመጋባት አየችኝ። እንደዚያ ያለ ንጹሕ ግራ መጋባት የዋሸ ሰው ፊት ላይ አይቼ አላውቅም። «ቪታሚን መድኃኒት ነው እንዴ? ምግብ አይደል? ከስታብኝ፣ ለሠርጓ ሰውነት ታብጅ ብዬ ነው እኮ። ገበያ ሁሉም ለሙሽራ የሚገዛው ነው። አየሻት አይደል፣ እንዴት እንዳማረባት?»

«ከተቆረጠችስ በኋላ?»

«ጨመርኩላት። ቁስል ኃይል ይፈልጋል ብዬ።»

ያሲን ቱቦውን እንደያዘ ቀረ። «ማወፈሪያ» አለ ቀስ ብሎ። «አዳዳ ፋጡማ፣ ይሄ ማወፈሪያ ነው!»

ማሸጊያው ካለ አምጪ አልናት። ቦርሳዋ ጥግ ግማሹ የተቀደደ የኪኒን ቅጠል ተገኘ። ዶክተር ናሆም ከጀርባው የተረፉትን ፊደሎች መስኮቱ ጋ ወስዶ አነበበ። ዴክሳሜታዞን። ስቴሮይድ ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ በቪታሚን ስም የሚሸጥ።

በኋላ የሙሴ ተካልኝን ባቡርና ፌርማታ አንሥቼ ለያሲን አስረዳሁት። ብዙ ነጭ ሴሎች በጤናም ጊዜ የደም ሥሩን ግድግዳ ተደግፈው ነው የሚውሉት፤ የምንቀዳው ደም ውስጥ ስለማይገቡ ማሽኑ አይቆጥራቸውም። ይህ መድኃኒት ግድግዳው ሴሎቹን እንዳይዝ ያደርጋል፣ ከቁስሉ የሚወጣውንም ጥሪ ያደክማል። ተደግፈው የነበሩት ይለቁና ደሙ ውስጥ ይንሳፈፋሉ፤ ቁጥሩ ያሻቅባል። ቁስሉ ይጠራል፣ ድምፁ አይሰማም። ቢሰማም ይዘው የሚወርዱበት የለም። መቅላቱም፣ ማበጡም፣ ትኩሳቱም የሚመጡት ከዚያ ጥሪና ከሚመጡት ሴሎች ስለሆነ፣ ቁስሉ ዝም ይላል።

«እና የፊቷ መሙላት ውፍረት አይደለም?» አለ ያሲን።

«ከመድኃኒቱ ነው።»

ፋጡማ ይህን ዶክተር ናሆም ሲነግራት ቆማ ሰማች። አላለቀሰችም። ቋጠሮዋን ይዛ ወደ ቆሻሻ መጣያው ሄደች።

«እንዳትጥዪው!» አለ ዶክተሩ፣ ከወንበሩ ተነሥቶ።

«መርዝ ነው አልክ አይደለም?»

«መርዝ አላልኩም። ይህን መሳይ ነገር ሰውነቷ ራሱ ይሠራ ነበር፤ ኪኒኑን ሲያገኝ መሥራቱን ትቷል። በአንድ ጊዜ ብናቋርጥባት ልትወድቅብን ትችላለች፣ ልትሞትም ትችላለች። በልክ የታዘዘ እሰጥሻለሁ። እየቀነስሽ ትሰጫታለሽ።»

«እኔ ነኝ የምሰጣት?»

«አንቺ ነሽ። ከአንቺ እጅ ነው የለመደችው።»

ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ልጄ ብላ ያጎረሰችውን፣ አሁን ክፉነቱን አውቃ፣ በዚያው እጇ ማጉረሷን ልትቀጥል ነው። እኔ ውኃ ቀዳሁላት።

እግሯ በቀዶ ሕክምና ተጸዳ፣ ትክክለኛው አንቲባዮቲክ ተጀመረ፣ ኪኒኑ እየተቀነሰ ሄደ። እኔ ፋጡማ ትሰጣለች ብዬ አላመንኩም። ወይ ሁሉንም ትደፋዋለች፣ ወይ ልጅቷ ስትከሳባት አዝና ትጨምራለች ብዬ ፋሻ ለመቀየር በመጡ ቁጥር ቅጠሉን አስወጥቼ አየው ነበር። እሷም ትዘረጋልኛለች፤ «ቁጠሪ፣ አንቺ ተጠራጣሪ» ትለኛለች።

አንድ ጠዋት ኮሪደሩን በጩኸት ሞላችው። «አባባሳችሁት! ያ ረቢ፣ እግሯን አበላሻችሁት!»

ሮጥኩ። ሐናን ጥርሷን ነክሳ ተቀምጣለች። ተረከዟ ቀልቷል፣ አብጧል፣ ትኩስ ነው። ፋሻው ላይ ቢጫ ነገር ወጥቷል።

«ያምሻል?»

«በጣም!» አለች፣ እንባዋ እየመጣ።

ጥጤን አስነክቼ ወደ ማይክሮስኮፑ በረርኩ። ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ኒውትሮፊል ነው። ላይ በላይ፣ ባክቴሪያ የጎረሱ፣ የሞቱ፣ ገና የደረሱ። ስንት ዓመት መግል ሳይ ኖሬ መግል አይቼ የተደሰትኩት ያን ዕለት ብቻ ነው። «ያሲን፣ ና እይ! ወርደዋል!» ብዬ ጮህኩ። ያሲን አጎንብሶ አይቶ «ወላሂ ፌርማታው ሞልቷል» አለ።

ዶክተር ናሆም መግሉን አጥቦ አወጣ፣ ሕመሟን አስታገሠላት፣ አንቲባዮቲኩንም ሳያቋርጥ አስቀጠለ። ፋጡማን አስቀምጬ ነገርኳት። መግል ጥሩ ነው ብሎ አንድን ሰው ማሳመን ቀላል አይደለም። «እየዋሸሽኝ ከሆነ አላህ ያያል» አለች። ግን ቁጭ አለች።

ቁስሉ ከሥሩ እየሞላ መጣ። የሐናን ፊት ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ሠርጉ ተገፋ እንጂ አልቀረም፤ ወሬውንም «ቁስል ነበር፣ ድኗል» የሚል ሌላ ወሬ ተከትሎ አጠፋው። የሠርግ ቀሚሷ ሰፍቷት ስለነበር ራሷ በስፌት መኪና አጠበበችው። ስታሳየኝ ስፌቱ የት እንደገባ አላገኘሁትም።

ለመጨረሻው ምርመራ ሲመጡ የነጭ ሴሉ ቁጥር ወደ ጤነኛው ወርዶ ነበር። ለፋጡማ ነገርኳት።

«ቀነሰ?» አለች ደንግጣ። «ምን ሆነ ደግሞ? የት ሄዱ?»

«ከፊሎቹ ግድግዳቸውን ተደግፈዋል። ከፊሎቹ ወርደው ሥራ ላይ ናቸው።»

ከዚያ ሐናን እንዳትሰማ ጠጋ ብላ «እኔ ነኝ አይደል?» አለችኝ።

«ሦስት ጊዜ መድኃኒት ብለን ጠየቅናችሁ» አልኳት። «አንድም ጊዜ ቪታሚን ብለን አልጠየቅናችሁም።»

እጄን ጨበጠች፤ ከዚያ ሐናንን ደግፋ፣ መደገፍ ባያስፈልጋትም ደግፋ፣ ወደ ባጃጁ ወሰደቻት።

ከዚያ ወዲህ ያሲን ደም ሲቀዳ «መድኃኒት ትወስጃለሽ?» ብሎ አያቆምም። ቪታሚን፣ ማወፈሪያ፣ የፊት ማቅያ ቅባት፣ የጎረቤት ኪኒን፣ ሁሉንም በየስሙ፣ በሦስት ቋንቋ ይጠይቃል። የሚመልሱለትን ብትሰሙ ትገረማላችሁ።

ዘንድሮ ጡረታ ወጣሁ። ወንበሬ ላይ ለምትቀመጡ የምለው ይህ ነው። ማሽኑ የሚቆጥረው ባቡሩ ላይ ያሉትን ነው። መውረዳቸውን ለማወቅ ቁስሉን እዩ። በሽተኛውን ስትጠይቁ ደግሞ እሱ በሚያውቀው ቃል ጠይቁት።